ጆ ቶማስን በክሊቭላንድ ሽንፈት አትለኩት

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ጆ ቶማስ አንዲት የፕሌይኦፍ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት በአሜሪካ ፉትቦል የዝነኞች አዳራሽ መግባቱን ቀልድ ያደርገዋል። ግዙፍ ሰውነት ይዞ መቆምም ሙያ አይደለም ይለናል።

መቆም? በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ በግራ በኩል የሚመጣበትን አያይም። የሚመጣበት ደግሞ 120 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ግን የሚፈተለክ ሰው ነው። እንደ ቶማስ ያለ፣ ኳርተርባኩን በግራ በኩል የሚጠብቅ ሌፍት ታክል ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ እጁን በትክክለኛው ቅጽበት በዚያ ሰው ደረት ላይ አሳርፎ ሊገታው ይገባል። ካመለጠው ኳርተርባኩ መሬት ላይ ነው፤ የሌፍት ታክሉ ስም የሚነሳውም ያኔ ነው።

ቶማስ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለክሊቭላንድ ብራውንስ አንድም የማጥቃት ሙከራ ሳያመልጠው 10,363 ጊዜ በተከታታይ ተሰልፏል። ያስቆመው በ2017 የክንዱ ጡንቻ መበጠሱ ነው። እስከዚያው 10 ጊዜ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ፣ ለፕሮ ቦውል፣ ተመርጧል።

ፕሌይኦፍ አለመድረሱማ እውነት ነው። ግን ኳስ አይወረውር፣ አሰልጣኝ አይቀጥር፣ ምን ያድርግ? ለምርጫ በበቃበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2023፣ ያስገቡት መራጮች ሥራውን አይተው ነው። ጸሐፊው ግን ዋንጫ ይቆጠር ካሉ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሻምፒዮን ቀለበት ያጠለቁትን ሁሉ አስቀድመው ያስገቡልን።