«ካምቢዮው ይውረድ!» በምን ማስረጃ?

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር ከሁሉ በፊት የተነገረን «ማን አለ? በምን አወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ የሚል ነበር። ባለሥልጣን ፊት ቆመን እንጠይቀዋለን ብለን ስንፎክርበት የከረምነው ጥያቄ፣ ጋራዥ በር ላይ ስንደርስ ከአፋችን ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤታችን አሮጌ ኮሮላ ኦቶማቲክ ናት። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ማርሽ ስትቀይር ከኋላዋ የተገጨች ይመስል ትመታ ጀመር። ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ሰፈሩን አንድ ዙር ነዳትና ተመለሰ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «እህቴ፣ ካምቢዮው አልቆለታል። ይውረድና በሌላ ይቀየር» አለን። በምን አወቅክ ስንለው «ልምድ ነው፤ አንቺ ይሄን አትረጂውም» ሆነ መልሱ።

ልምድ እናከብራለን። ግን 30 ዓመት የሠራ ሐኪምም ሙቀት ሳይለካ ቢላ አያነሳም። ምስክር ሳይሰማ በ5 ደቂቃ ሞት የሚፈርድ ዳኛ ቢገጥመን እኮ ጋዜጣ ሙሉ እንጽፍበት ነበር!

ምስክሮቹ ደግሞ ሩቅ አይደሉም። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ነውና የመጀመሪያው ምስክር ዘይቱ ነው። እንደኛዋ ዓይነት መለኪያ ዘንግ ባላት መኪና ዘይቱ የሚለካው ሜዳ ላይ፣ ካምቢዮው በደንብ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ እጀታው በሁሉም ቦታ አልፎ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል ማለት ነው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጠቁሮ ካረረ ደግሞ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ተጎድተዋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ቀይ የሆነ ዘይት ሁሉም አንድ እንዳይመስላችሁ። ቪትዝ በሚለው ስም ብቻ እንኳ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮም፣ ማርሽ የሌለው ሲቪቲም አለ፤ የአንዱ ዘይት ለሌላው አይሆንም።

ሁለተኛው ምስክር የመኪናው ኮምፒውተር ነው። እሱንም ቢሆን አጣርቶ መስማት ያስፈልጋል። ማሽኑ ተሰክቶ ፒ0700 ሲወጣ «ኮምፒውተሩም ካምቢዮው ሞቷል ብሏል» የሚሉ አሉ። አላለም! ይህ ኮድ የሚናገረው የካምቢዮው መቆጣጠሪያ አንድ ብልሽት መዝግቧል፣ ሄዳችሁ እሱን ጠይቁት እያለ ነው። ዋናው ቃል ሌላኛው ኮድ ላይ ነው። አንዳንዴም የሚወጣው ፒ0300 ይሆናል። ያ ደግሞ የሞተር መንጠቅ ነው፤ ካንዴላና ኮይል ታይቶ የሚያልቅ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምስክር ከካምቢዮው ውጭ ነው። ሞተርና ካምቢዮውን የተሸከሙት ጎማዎች ሲቀደዱ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ሁሉም ነገር ይወራጫል፤ እኛም ካምቢዮ መታ እንላለን።

ካምቢዮ አይሞትም አላልንም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ሲል፣ ዘይቱም አርሮ ሲሸት፣ ኮዱም ወደዚያው ሲያመለክት «ይውረድ» የሚለው ፍርድ ቢነገረን እንቀበላለን። የኛዋ ግን እንደዚያ አልነበረችም። ሌላ መካኒክ ዘንድ ስንወስዳት መጀመሪያ የጠየቀን «ጠዋት ነው የምትመታው ወይስ ከሞቀች በኋላ?» ብሎ ነው። አንዱ ጎማ ተቀዷል፤ የካምቢዮው ዘይትም በአክሱ ማሸጊያ በኩል ሲንጠባጠብ ኖሮ ጎድሏል። ሁለቱ ተቀየሩ፣ ትክክለኛው ዘይት ተሞላ፣ መምታቱ ቀረ። ሞት የተፈረደበት ካምቢዮ እስካሁን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እንግዲህ ጣታችንን ጋራዡ ላይ ቀስረን ልናበቃ ነበር። ኧረ ጎበዝ፣ እውነቱን እንነጋገር! ሁለተኛው መካኒክ የምርመራ ሒሳብ ሲጠይቀን «ለማየት ብቻ?» ብለን ልንከራከረው አፋችንን ከፍተን ነበር። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። ባለመኪናው ለመመርመር አይከፍልም፤ ለማውረድና ለመግጠም ግን ይከፍላል። ታዲያ መካኒኩ ልጆቹን በምን ያሳድግ? እኛ ራሳችን ገበያውን እንዲህ ሠርተነው ስናበቃ ሁሉም ብልሽት «ይውረድ» ሆኖ ሲገኝ እንገረማለን።

ይህ ነገር ዛሬ ከበፊቱ ይከፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። እጃችን ላይ ያለችውን መኪና ሸጠን በሌላ የምንተካበት ዘመን አይደለም። ጤነኛ ካምቢዮ አውርደን ታሪኩን የማናውቀውን አሮጌ ካምቢዮ መግጠም ቁማር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን። ጋራዦች ሆይ፣ ምርመራን ራሱን እንደቻለ ሥራ ቆጥራችሁ ዋጋውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ያገኛችሁትንም በወረቀት ስጡን። ባለመኪናዎች ሆይ፣ ሳንከራከር እንክፈል። የዘይቱን ሁኔታ፣ የወጣውን ኮድ፣ የታየውን ጎማ የሚናገር ወረቀት ሳናይ ደግሞ አንድ ብሎን እንዳይፈታ።

«በምን አወቅክ?» ብሎ መጠየቅ መካኒክ መናቅ አይደለም። የሚያውቅ መካኒክማ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ የኛው ዘይት የነካ ዘንጉን ይዞ መጥቶ «ነይ እዪው» ነው ያለን።