ሐሰት የሚናገር ኮር

በአንድ ቺፕ ውስጥ ብዙ ኮሮች በመረብ ተሳስረው በሚሠሩበት በዚህ ዘመን፣ ከመካከላቸው አንዱ ሐሰት ቢናገር ማን ይመሰክርበታል?

እ.ኤ.አ. በ2021 የፌስቡክ መሐንዲሶች እንዲህ ያለ ኮር ማግኘታቸውን ጽፈዋል። 53 ጊዜ የተጻፈ 1.1 እርስ በርሱ ተባዝቶ ክፍልፋዩ ሲጣል 156 ሊሆን ይገባል፤ 59 ቁጥር የተሰጠው ኮር ግን 0 ነው ይል ነበር። የፋይል መጠን የሚታወቀው በዚህ ሒሳብ ነበርና፣ መጠኑ 0 የተባለው ፋይል ሁሉ እንደሌለ ተቆጥሮ ቀረ። ማሽኑ አልቆመም፤ ማስጠንቀቂያም አልተሰማም። የቀሩት ኮሮች በትክክል ስለሚሠሩ፣ ስሕተቱ የሚታየው ሥራው ዕጣ ደርሶት ወደዚያ ኮር ሲላክ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የጉግል መሐንዲሶች በየጥቂት ሺህ ማሽኑ ጥቂት እንዲህ ያሉ ኮሮች እንደሚገኙ ገልጸዋል።

«ፋብሪካው መርምሮታልና ይበቃል» የሚሉን አሉ። ይህ አሳብ አይዋጥልንም። እነዚህ ኮሮች የፋብሪካውን ምርመራ ያለፉ ናቸው፤ አንዳንዱም የሚታመመው ሥራ ከጀመረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በትምህርታችን ግን ንድፍ ሙሉ ሴሚስተር ሲሰጠው፣ ምርመራ በመጨረሻው ሳምንት ለስሙ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደረጃ የወጣለትንና ወደ ቺፑ ውስጥ የሚያስገባውን ጄታግን በስም ሳይሆን በእጃችን ዐውቀነው የምንመረቅ ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፦ አንዱ ቡድን ከነደፋቸው ኮሮች በአንዱ ላይ ሆን ብሎ ስሕተት ይትከል፤ ሌላው ቡድን የትኛው እንደ ሆነ ሳይነገረው ፈልጎ ያግኝ። የሚሰጠውም ማርክ ለንድፉ ከሚሰጠው አይነስ።