ዳቦ መጋገሪያ መሣሪያ ከመግዛት በፊት

የከተማ እናት ጧት ጧት የሚጠብቃት ጥያቄ አንድ ነው፤ እሱም «ልጆቹ ምን ቀምሰው፣ ምን ቋጥረው ወደ ትምህርት ቤት ይሂዱ?» የሚለው ነው። በቤት ውስጥ እንጀራ ቢኖርም ለቁርስና ለምሳ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ዳቦ ነው። ዳቦውን ለማግኘት ደግሞ እናት ወይ ከሥራ መልስ ደክሟት ዳቦ ቤት ደጃፍ ትቆማለች፣ ወይ ማታ አቡክታ በሌሊት ተነሥታ ትጋግራለች። በሁለቱም መንገድ የሚባክነው የእርሷ ጊዜና የእርሷ እንቅልፍ ነው።

በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች የሚታየው፣ ውጭ አገር ካሉ ዘመዶችም በስጦታ የሚላከው የቤት ውስጥ ዳቦ መጋገሪያ መሣሪያ የብዙዎችን ዓይን የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ርካሽ አይደለም። አንዲት ሠራተኛ የዕቁብ ገንዘቧን ወይም የወራት ቁጠባዋን አውጥታ የገዛችው መሣሪያ ለቤቷ የማይስማማ ሆኖ ጓዳ ውስጥ አቧራ ሲለብስ ቢውል፣ ጉዳቱ ከገንዘብም ያልፋል፤ ወቀሳው በእርሷ ላይ ይወድቃልና። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ከመግዛት በፊት አማራጮችን ማወዳደር ይበጃል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

ዳቦ መጋገሪያው ክዳን ያለው ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ተነቃይ የሆነ ባልዲ መሰል መጋገሪያ አለው። ከባልዲው ሥር አንዲት ትንሽ ማቡኪያ ትሽከረከራለች። ውሃ፣ ዱቄት፣ ጨውና እርሾ ተለክተው ከተጨመሩ በኋላ መሣሪያው ራሱ ያቦካል፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ያቆያል፣ ከዚያም በዚያው ዕቃ ውስጥ ይጋግራል። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። የሰው እጅ የሚያስፈልገው ግን ለመለካትና ለማጠብ ብቻ ነው።

መሣሪያው የተወለደው በጃፓን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ማትሱሺታ የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ ሊጥ በደንብ የሚያቦካ ማሽን መሥራት አቅቶት ሳለ፣ ኢኩኮ ታናካ የተባለች የኩባንያው የሶፍትዌር ባለሙያ በኦሳካ ከተማ በዳቦው ስም ካተረፈ ሆቴል ዘንድ ሄዳ ከዋናው ጋጋሪ ሙያውን ተማረች። ጋጋሪው ሊጡን ማሸት ብቻ ሳይሆን እየሳበ እንደሚለጥጠው አስተዋለች። ከመሐንዲሶቹ ጋር ለአንድ ዓመት ያህል ከደከሙ በኋላም ሊጡን እንዲያ የሚለጥጥ መሣሪያ ተገኘ። ይህን ታሪክ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ማሽን ጥሩነት የሚለካው በመብራቱና በቁልፎቹ ብዛት ሳይሆን፣ የእናቶቻችን እጅ የሚያውቀውን የማቡካት ሙያ ምን ያህል አስመስሎ ይሠራል በሚለው ነው።

ከምጣድና ከኦቭን ጋር ሲወዳደር

በመጀመሪያ በቤት ያለውን ማየት ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እመቤት ዳቦ መጋገር ትችላለች። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ሲበስል የሚኖረውን መዓዛ የትኛውም ማሽን አይሰጥም። ለበዓልና ለእንግዳ የሚሆን ብዙ ኪሎ ሊጥም የሚችለው ምጣድ ነው። ችግሩ ኃይል መፍጀቱና ሰው አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ የሚኖርበት መሆኑ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሳይጠፋ ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ 1.75 ኪሎ ዋት ሰዓት በቆጣሪው ላይ ይቆጥራል።

ኦቭን ደግሞ ለዳቦም ለኬክም ለጥብስም ስለሚሆን አገልግሎቱ ሰፊ ነው። ነገር ግን ማቡካቱንና ኩፍ እስኪል መጠበቁን ለባለቤቷ ይተውላታል።

ዳቦ መጋገሪያው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ዋት ቢሆን ነው። 600 ዋት የሆነው 3 አምፔር እንኳ አይሞላም። ሙቀቱ በሙሉ ኃይል የሚሠራው በመጨረሻው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ለአንድ ዳቦ የሚፈጀው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ታዲያ ሚዛኑ እንዳይዛባ አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚጋግረው ቢበዛ አንድ ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ምጣዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ይጋግራል። ስለዚህ ለዕለት ቁርስ ማሽኑ፣ ለድግስ ምጣዱ ይቆጥባል።

በመደብር ውስጥ መጠየቅ ያለበት

አንደኛ፣ መጠኑ ይታይ። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው 500፣ 750 ወይም 1,000 ግራም የሚመዝን ዳቦ የሚጋግሩ ናቸው። ለሁለት ሰዎች ትንሹ ይበቃል። አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ከአንድ ኪሎ ያነሰው አያዋጣም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ማስነሣት ይመጣልና። ትልቁ መሣሪያ ትንሽ ዳቦም መጋገር ይችላል፤ ትንሹ ግን ትልቁን አይችልም።

ሁለተኛ፣ ቮልቱ ይነበብ። በአገራችን የሚሠራበት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጡ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ በቀጥታ ሶኬት ላይ ቢሰኩ ይቃጠላሉ። በትራንስፎርመር ይሠሩ ከተባለም ትራንስፎርመሩ ከመሣሪያው ዋት በላይ አቅም ያለው መሆን ይኖርበታል፤ ዋጋውም ከዕቃው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት። ከዱባይ የሚመጡት በቮልት በኩል ችግር ባይኖራቸውም፣ ስፒናቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሊሆን ስለሚችል በኤሌክትሪክ ሠራተኛ በኩል በደንብ ማስቀየር ይሻላል። ልል በሆነ ማገናኛ ላይ ለ4 ሰዓት የሚሠራ የሙቀት ዕቃ መሰካት አደጋ አለው።

ሦስተኛ፣ መብራት ቢጠፋስ? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች መብራት ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሌሎቹ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ፣ ወይም ጭራሽ ይቆማሉ። ስንት ደቂቃ እንደሚታገስ ከመመሪያው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። መብራቱ ከዚያ በላይ ቢቆይ ሊጡ አይጣልም፤ አውጥቶ በጋዝ ወይም በከሰል ምድጃ ላይ በምጣድ መጋገር ይቻላል።

አራተኛ፣ መለዋወጫው ይፈለግ። ቶሎ የሚያረጁት ባልዲው፣ ትንሿ ማቡኪያና ሞተሩን ከማቡኪያው የሚያገናኘው ችንጋ ናቸው። ሻጩ እነዚህን ለየብቻ ማቅረብ ካልቻለ፣ አንዲት ትንሽ ማቡኪያ በጠፋች ጊዜ ጠቅላላ ዕቃው ከንቱ ይሆናል። የዋስትና ወረቀትም ቀኑና ማኅተሙ ተሟልቶ መያዝ አለበት።

አምስተኛ፣ መርሐ ግብሩ ይታይ። 20 ዓይነት ምርጫ ያለው ዕቃ የግድ የተሻለ አይደለም። ለእኛ ቤት አራቱ ይበቃሉ፤ ተራ ዳቦ፣ የሙሉ ስንዴ ዳቦ፣ ማቡካት ብቻ፣ እንዲሁም ሰዓት አስቀድሞ መሙላት። በተለይ «ማቡካት ብቻ» የሚለው አይታለፍ፤ ሊጡ በማሽን ታሽቶ ኩፍ ካለ በኋላ አውጥቶ በኮባ ወይም በምጣድ መጋገር ስለሚቻል፣ የክንዳችንን ድካም አስቀርቶ የባህል ዳቦአችንን ያቆይልናል።

ሰዓት መሙያው ለሠራተኛ እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ማታ በ3 ሰዓት ዱቄቱንና ውሃውን ጨምራ 9 ሰዓት ብትሞላው፣ ጧት በ12 ሰዓት ዳቦው ደርሶ ይጠብቃታል። በዚህ ጊዜ ግን እርሾው ከውሃውና ከጨው ርቆ በዱቄቱ አናት ላይ መቀመጥ አለበት። ወተትና እንቁላል ያለበት ሊጥ ሌሊቱን ሊበላሽ ስለሚችል ለዚህ አይሆንም።

የአዲስ አበባ ከፍታና የእኛ ዱቄት

ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የአሠራር መመሪያ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለቆላማ አገሮች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር በቶሎ ይነፋል። ዳቦው ከልክ በላይ ኩፍ ይልና በመጨረሻ መሐሉ ይሰምጣል። ብዙዎች «ማሽኑ ተበላሸ» የሚሉት እንዲህ ሲሆን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መመሪያው ካዘዘው እርሾ ሩቡን መቀነስ፣ ዱቄቱ ደርቆ ከታየም ውሃውን በማንኪያ እያከሉ ማየት ነው። ለጀማሪ 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 320 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያልበለጠ ደረቅ እርሾ ጥሩ መነሻ ነው። ሊጡ በታሸ በ10ኛው ደቂቃ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ ድቡልቡልና ለስላሳ ከሆነ ልኩ ነው።

ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥና አየር የሚይዝ ነገር የለውም። ስለዚህ የጤፍ ዱቄት ብቻውን በዚህ መሣሪያ ኩፍ ያለ ዳቦ አይሆንም። ከአራት እጅ አንዱን እጅ ጤፍ፣ ገብስ ወይም ማሽላ፣ የቀረውን ስንዴ አድርጎ መደባለቅ ግን ጣዕምም ምግብነትም ይጨምራል። ጥቁር አዝሙድ ጣል ቢደረግበት ደግሞ ቤቱን ቤት ያሸትተዋል።

ሒሳቡን በደብተር

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ለሚለው መልሱ ከሻጭ አይገኝም። ለሁለት ሳምንት በደብተር ላይ ለዳቦ የወጣውን ገንዘብ መዝግቡ። ቀጥሎም ያንኑ ያህል ዳቦ ለመጋገር የሚያስፈልገውን የዱቄት፣ የእርሾና የመብራት ዋጋ አስሉ። ልዩነቱ ትርፋችሁ ነው። የመሣሪያውን ዋጋ በሳምንቱ ትርፍ ብታካፍሉት ዕቃው በስንት ሳምንት ወጪውን እንደሚመልስ ታውቃላችሁ። ለስሌት ያህል፣ 16,000 ብር የሆነ ዕቃ በሳምንት 160 ብር ቢያተርፍ 100 ሳምንት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። የዋስትናው ዘመን ከዚህ በእጅጉ ካነሰ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ለዚህ ብሎ ብድር መግባትማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ነገር ግን ትርፍ ሁሉ በብር አይቆጠርም። በሳምንት አራት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከሰልፍ የምትድን እናት በወር 8 ሰዓት ያህል ታገኛለች። ያ ጊዜ ለልጆች ጥናት፣ ለማታ ትምህርት ወይም ለዕረፍት ሊውል ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን መሣሪያው «የእናት ዕቃ» ሆኖ ካልቀረ ነው። ዱቄት መለካት፣ ቁልፍ መጫንና ባልዲ ማጠብ ባልም የሚሠራው፣ 12 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅም የሚማረው ሥራ ነው። ከሰልፉ ድና ሌላ ተጨማሪ የጓዳ ሥራ የተሸከመች እናት ምንም አልተረፈችም። እንግዲህ ከመግዛት በፊት በማዕድ ዙሪያ «ተረኛው ማን ነው?» ብሎ መነጋገር ከዋጋው ክርክር ይቀድማል።

የአያያዝ ጥንቃቄ

መሣሪያው በሚያቦካበት ጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ከጠረጴዛ ጠርዝ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ። በሚጋግርበት ጊዜ ክዳኑና በእንፋሎት መውጫው በኩል ያለው ቦታ ያቃጥላል። ስለሆነም ሕፃናት በማይደርሱበት፣ ሽቦውም ተንጠልጥሎ በማይጎተትበት ቦታ ይሁን። ባልዲው ሊጥ እንዳይዝ ልዩ ሽፋን ስላለው በሽቦ ማጠቢያ አይፈተግ፤ ቢላም አይግባበት። ማቡኪያዋ ከተጣበቀች ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ ጥቂት ማቆየት ይበቃል። ዳቦው ሲወጣ ማቡኪያዋ ከሥሩ ተሰክታ መቅረት አለመቅረቷን ማየትም አይረሳ፤ ከዳቦው ጋር ተቆርጣ ወይም ተጥላ የጠፋች ብዙ ናትና።

በአጠቃላይ፣ በየቀኑ ዳቦ የሚበላ፣ ጊዜ የሚያጥረውና ሥራን ተከፋፍሎ የሚሠራ ቤተሰብ ካላችሁ፣ መለዋወጫ የሚገኝለትና አንድ ኪሎ የሚጋግር ተራ መሣሪያ ይጠቅማችኋል። ዳቦ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጋገርበት ቤት ግን ምጣዱን በደንብ ቢይዝ ይሻለዋል። ጎረቤት ስለገዛች መግዛት ምክንያት አይሆንም። የገዛች ጎረቤት ካለች ግን ከመወሰናችሁ በፊት የራሳችሁን ዱቄት ይዛችሁ ሄዳችሁ አንድ ዳቦ አብራችሁ ጋግሩ። ከቡናው ጋር ቀምሳችሁ የምትሰጡት ፍርድ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።