የትኛው ፊልም ይበልጣል? ከመልሱ በፊት መለኪያው

የአኒሜሽን ፊልም ወዳጆች በተሰባሰቡበት ጠረጴዛ «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ አይጠፋም። በተለይም ጃፓናዊው ዳይሬክተር ሐያኦ ሚያዛኪ በስቱዲዮ ጂብሊ የሠራቸውን ምናባዊ ፊልሞች የተመለከቱ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ሲሟገቱ ውለው ሳይስማሙ ይለያያሉ። አንዱ በ1997 የወጣውን «ልዕልት ሞኖኖኬ»ን ያስቀድማል፤ ሌላው በ2001 የተሠራውን «ስፒሪትድ አዌይ»ን፤ ሦስተኛዋ ደግሞ በ1988 ለታየው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የሚተካከለው የለም ትላለች። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይዘጋል። ወይ አንዱ ተከራካሪ በሺህ የሚቆጠሩ ተመልካቾች የሰጡትን አማካይ ነጥብ ጠቅሶ «ቁጥሩ ይፍረድ» ይላል፤ ወይም የሰለቸው ሰው «የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ሁሉም እንደየስሜቱ» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። እኛ ሁለቱንም መዝጊያዎች አንቀበልም። የመጀመሪያው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። ሁለተኛው ደግሞ ሊመረመር የሚችለውን ነገር ሳይመረምር ያልፋል። አለመስማማቱ ራሱ ምክንያት ያለው፣ በከፊልም በወረቀትና በእርሳስ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው።

እስቲ በቅድሚያ ፊልሞቹን እንመልከታቸው። «ልዕልት ሞኖኖኬ» ብረት ለማቅለጥ ደን በሚመነጥሩ ሰዎችና በደኑ አማልክት መካከል የሚካሄድ ጦርነት ነው። የብረት ማቅለጫዋን ከተማ የምትመራው ኤቦሺ ጫካውን ታጠፋለች፤ ዳሩ ግን ከሴተኛ አዳሪነት ያወጣቻቸውን ሴቶችና በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎችን አስጠግታ ሥራና ክብር የሰጠችም እርሷው ናት። ተመልካች ማንን እንደሚጠላ ይቸገራል። «ስፒሪትድ አዌይ» የ10 ዓመቷን ቺሂሮን ወላጆቿ ወደ አሳማነት ከተለወጡባት በኋላ መናፍስት በሚታጠቡበት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ያሳየናል። ስሟን አሠሪዋ ስለወሰደችባት ማን እንደነበረች እንዳትረሳ መታገል ይኖርባታል። «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ግን ይህ ነው የሚባል ጠላት የለውም። እናታቸው ሆስፒታል የተኛችባቸው ሁለት እኅትማማቾች ከአባታቸው ጋር ወደ ገጠር ሄደው በአቅራቢያቸው ባለው ጫካ አንድ ግዙፍ ለስላሳ ፍጡር ያገኛሉ፤ ፊልሙም በ86 ደቂቃ ያበቃል።

እነዚህን ሦስት ሥራዎች «ማን ይበልጣል» ብሎ መጠየቅ ሦስት ዕቃዎችን ክብደታቸውን ወይም ርዝመታቸውን ሳይለዩ «የቱ ይበልጣል» እንደማለት ነው። የሒሳብ ተማሪዎች እንደሚያውቁት ሁለት ቁጥሮችን ማበላለጥ ይቻላል፤ ሁለት ቬክተሮችን ማበላለጥ ግን አይቻልም፤ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ አካል ክብደት ካልተሰጠው በቀር። የታሪኩ ጥልቀት፣ የሥዕሉ ውበት፣ የሙዚቃው ኃይል፣ ሕፃን ልጅን የማጽናናት ችሎታ፣ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። ሁለት ሰዎች በእያንዳንዱ መለኪያ ፍጹም ተስማምተው እንኳ ለመለኪያዎቹ የሚሰጡት ክብደት ከተለያየ ድምር ውጤታቸው ይለያያል። እንግዲህ ብዙው ጠብ ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ክብደቱ ነው፤ ተከራካሪዎቹ ግን ክብደቱን ፈጽሞ አያነሡትም።

ገንዘብና ሽልማትም ቢሆኑ ከዚህ አያወጡንም። በጃፓን ሲኒማ ቤቶች የገቢ ክብረ ወሰን «ሞኖኖኬ» በ1997 ያዘና ብዙም ሳይቆይ በ«ታይታኒክ» ተነጠቀ። «ስፒሪትድ አዌይ» ከ2001 ጀምሮ ለ19 ዓመታት ያህል አንደኛ ሆኖ ቆየና በ2020 «ዴሞን ስሌየር» የተባለው ፊልም ቀደመው። ይህ የቲኬት ቆጠራ ነው። በ2002 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ዳኞች ወርቃማውን ድብ ለ«ስፒሪትድ አዌይ» ሲሰጡ ለሌላ ፊልም እኩል አካፍለው ነበር፤ በ2003 ደግሞ ይኸው ፊልም የአኒሜሽን ኦስካርን ብቻውን ወሰደ። ቶቶሮ በወጣበት ዓመት ያን ያህል ገቢ አላስገኘም፤ ለስቱዲዮው መለያ ምልክት የሆነው ግን እርሱ ነው። ሁሉም ልኬቶች እውነት ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ወደ ተመልካቹ እንምጣ። በቤተ ሙከራ አንድን መጠን የምንለካበት መሣሪያ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ለፊልም መለኪያው መሣሪያ ሰው ነው፤ ሰውን ደግሞ ዕድሜውና ልማዱ ያዘነብሉታል። በ1989 ሆልብሩክና ሺንድለር የተባሉ ተመራማሪዎች በተለያየ ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ሰዎች ከተለያዩ ዘመናት የተውጣጡ ዘፈኖችን አሰምተው ባደረጉት ጥናት ሰዎች አብልጠው የሚወዱት በአማካይ 23 ዓመት ተኩል ገደማ ሳሉ የወጡትን ዘፈኖች ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የሙዚቃ ነው፤ ቁጥሩንም እንዳለ ወደ ፊልም ማዛወር አይገባም። ሆኖም አብዛኞቻችሁ አንባብያን ወደዚያ ዕድሜ እየተቃረባችሁ ወይም በዚያው ላይ እንደሆናችሁ አስቡ። ዛሬ የምታዩት ፊልም ከ30 ዓመት በኋላ «እንደ ድሮው የለም» የምትሉበት ሊሆን ይችላል።

ልማድም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ምሁር የሆኑት ጄምስ ከቲንግ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የትምህርት ወቅት ውስጥ ብዙም የማይታወቁ የኢምፕሬሽኒስት ሥዕሎችን ከታዋቂዎቹ አብዝተው ለተማሪዎቻቸው አሳዩ፤ ስለ ሥዕሎቹ ግን ምንም አላስተማሩም። በመጨረሻ ተማሪዎቹ ሲጠየቁ ለታዋቂዎቹ ሥዕሎች የሚታየው የተለመደ አድልዎ ጠፍቶ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ውበት ማለት ልማድ ነው» የሚል ይኖራል። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ይህን ድምዳሜ ያናጋዋል። ተመራማሪዎቹ በሐያስያን ዘንድ ብዙም ክብር የሌላቸውን የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የቶማስ ኪንኬድን ሥዕሎች ደጋግመው ሲያሳዩ ተመልካቾቹ ባዩዋቸው ቁጥር ይበልጥ ሳይሆን ያነሰ ወደዷቸው። ደጋግሞ ማየት ጥሩውንና መጥፎውን እኩል አያነሣም ማለት ነው። «ሁሉም ጣዕም ነው» የሚለውን አባባል የማንቀበለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ሙከራ ነው። 14,341 ሰዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን አዳምጠው የወደዱትን እንዲወስዱ ተደረገ። ከፊሎቹ የሌላውን ሰው ምርጫ ሳያዩ መረጡ። የቀሩት በ8 የተለያዩ «ዓለማት» ተከፍለው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዓለም ያሉ ሰዎች የትኛውን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወሰዱ እያየ መረጠ። አንድ ዘፈን ሰዎች ለየብቻ ሲመርጡ 26ኛ የነበረው፣ በአንዱ ዓለም 1ኛ፣ በሌላው 40ኛ ሆኖ ተገኘ። እጅግ የተወደዱት ዘፈኖች ወደ ታች የወረዱት፣ እጅግ የተጠሉትም ወደ ላይ የወጡት ከስንት አንዴ ነበር፤ በመካከል ያሉትን ግን ዕድል እንዳሻው አደረጋቸው። «ይህን ያህል ሕዝብ የወደደው» የሚለው ማስረጃ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች አስተያየት ማሚቶ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ሁሉም ተመልካቾች ፍጹም ናቸው እንበል። ዕድሜ አያዘነብላቸውም፣ ጎረቤትም አይጎትታቸውም፣ እያንዳንዱም ሦስቱን ፊልሞች በግልጽ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከዚህ በኋላ መቁጠር ብቻ ይቀረናል፤ የሚያስገርመውም ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

9 ተመልካቾች አሉን። 4ቱ ስፒሪትድ አዌይን አንደኛ፣ ቶቶሮን ሁለተኛ፣ ሞኖኖኬን ሦስተኛ ያደርጋሉ። 3ቱ ሞኖኖኬን አስቀድመው ቶቶሮን ያስከትላሉ፤ ስፒሪትድ አዌይ ለእነርሱ መጨረሻ ነው። የቀሩት 2ቱ ቶቶሮ፣ ሞኖኖኬ፣ ስፒሪትድ አዌይ ብለው ይደረድራሉ። አንደኛ የተባለበትን ብዛት ብቻ ከቆጠርን ስፒሪትድ አዌይ በ4 ድምፅ ያሸንፋል። በመጀመሪያው ዙር አነስተኛ ድምፅ ያገኘውን ጥለን በቀሩት ሁለቱ መካከል ዳግም ምርጫ ካደረግን ቶቶሮ ይወጣል፤ የደጋፊዎቹ 2 ድምፅ ወደ ሞኖኖኬ ይሄድና ሞኖኖኬ 5 ለ4 ያሸንፋል። ለአንደኛ 2 ነጥብ፣ ለሁለተኛ 1፣ ለሦስተኛ 0 ሰጥተን ከደመርን ደግሞ ቶቶሮ 11 ሲያገኝ ሁለቱ እኩል 8 ላይ ይቀራሉ። እርሳስ አንሥታችሁ አረጋግጡት። 9ኙ ሰዎች አንዳቸውም ሐሳባቸውን አልለወጡም። የተለወጠው የአቆጣጠሩ ደንብ ብቻ ነው፤ ሦስት ደንቦችም ሦስት አሸናፊዎች አወጡ።

ከዚህም የባሰ አለ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 እንዳሳየው 3 ሰዎች ብቻ በቂ ናቸው። አንዱ ስፒሪትድ አዌይ፣ ሞኖኖኬ፣ ቶቶሮ ይበል፤ ሁለተኛው ሞኖኖኬ፣ ቶቶሮ፣ ስፒሪትድ አዌይ፤ ሦስተኛው ቶቶሮ፣ ስፒሪትድ አዌይ፣ ሞኖኖኬ። ፊልሞቹን ጥንድ በጥንድ ብናወዳድር ስፒሪትድ አዌይ ሞኖኖኬን 2 ለ1 ይረታል፤ ሞኖኖኬ ቶቶሮን 2 ለ1 ይረታል፤ ቶቶሮ ደግሞ ተመልሶ ስፒሪትድ አዌይን 2 ለ1 ይረታል። እያንዳንዱ ሰው የጠራ አቋም ይዞ ሳለ የሦስቱ ጉባኤ ግን ራሱን ይቃረናል።

«የተሻለ አቆጣጠር ይፈለጋ!» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። ይህንኑ የጠየቀው አሜሪካዊው ኬነዝ አሮው በ1951 ባሳተመው ሥራ አስደንጋጭ መልስ ሰጠ። አማራጮቹ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ማናቸውንም ዓይነት የግል ቅደም ተከተሎች ተቀብሎ ራሱን የማይቃረን የጋራ ቅደም ተከተል የሚያወጣ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ያስቀደሙትን የሚያስቀድም፣ በሁለት አማራጮች መካከል ያለው ፍርድ በሦስተኛው እንዲናወጥ የማይፈቅድ፣ የአንድን ሰው ፈቃድ በሁሉ ላይ የማይጭን ደንብ ሊኖር አይችልም። ገና ሳይገኝ ቀርቶ አይደለም፤ እንደማይኖር ተረጋግጧል። አሮው በ1972 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

አማካይ ነጥብም የአሮውን ወጥመድ ያመለጠ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተል ሳይሆን ቁጥር ነው። ነገር ግን 10 ሰዎች ሁሉ 7 የሰጡት ፊልምና 5ቱ 10፣ 5ቱ 4 የሰጡት ፊልም አማካያቸው አንድ ነው፤ 7። የመጀመሪያው ማንንም የማያስቆጣ ፊልም ነው፤ ሁለተኛው ግማሹን አዳራሽ ያስለቀሰና ግማሹን ያስወጣ። ስለ ሥርጭቱ ሳይናገር አማካይ ብቻ የሚነግረንን ሰው የስታቲስቲክስ መምህሮቻችን ዝም ብለው እንደማያልፉት እናውቃለን።

ለፊልም ሲሆን ጉዳቱ አንድ ከሰዓት ከመነታረክ አይበልጥም። ነገር ግን የክፍል ተጠሪ የሚመረጠው፣ የነፃ ትምህርት ዕድል ለአመልካቾች የሚከፋፈለው፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በደረጃ የሚሰለፉት በዚሁ ሒሳብ ነው። ከ2003 ጀምሮ የሚወጣውን የሻንጋይ የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ውሰዱ። ከጠቅላላ ነጥቡ 30 ከመቶ የሚሆነው በኖቤል ሽልማትና በፊልድስ ሜዳልያ የሚገኝ ነው። ይህን ክብደት የወሰኑት ሰዎች ናቸው፤ ተፈጥሮ አይደለችም። በመቶዎች የሚቆጠሩ የገጠር መምህራንን ለሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ በዚያ ክፍል የሚቆጠርለት ነጥብ የለም። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሲቀርብላችሁ ከደረጃው አስቀድማችሁ ክብደቶቹንና የአቆጣጠሩን ደንብ ጠይቁ፤ ደንቡም ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት መታወጁን አረጋግጡ። ውጤቱን አይቶ ደንብ የሚመርጥ ሰው፣ ከላይ በ9ኙ ተመልካቾች እንዳያችሁት፣ የፈለገውን ማሸነፍ ይችላል።

እኛን ከጠየቃችሁ «ልዕልት ሞኖኖኬ»ን እናስቀድማለን፤ ክብደታችንንም አንደብቅም። ሁለት ተቃራኒ ወገኖች ሁለቱም በከፊል ትክክል የሆኑበትን ታሪክ ያለ ማጭበርበር መንገር ከማናቸውም የሥዕል ውበት ይበልጥብናል። ቶቶሮን የምታስቀድመው አንባቢያችን ሌላ ክብደት አላት፤ በእርሷ ክብደት ብናሰላ እርሷ እንደምትረታ እናምናለን። ልንሟገታት የምንፈልገው በዚያው በክብደቱ ላይ ነው፦ እናቷ ሆስፒታል የተኛችባት የአንዲት ሕፃን ፍርሃት ከአንድ ደን መጥፋት ያንሳል ወይስ ይበልጣል?