የቤተሰብ ዓምድ፦ ቀበቶ ሲሰፋ፣ ልብ ሲሮጥ

አንድ ወታደር ቀለቡን አሟጦ እየበላ ሲከሳ፣ ቀበቶውን በየወሩ አንድ ቀዳዳ ሲያጠብቅ፣ ተቀምጦ ሳለም ልቡ ድው ድው ሲልበት ሠፈሩ ቶሎ ስም ያወጣለታል። አንዱ «ፈርቷል» ይላል፤ ሌላዋ «ዓይን በልቶታል» ትላለች። እርሱም ፈሪ እንዳይባል ሕመሙን ይደብቃል። እኛ ግን ጠላቱን ሳይቃኝ የሚተኩስ ጦር ጥይቱን እንደሚያባክን ሁሉ፣ መንስዔውን ሳይለዩ መፍረድም የሰው ሕይወት ያባክናል እንላለን።

እርግጥ ነው፣ ጭንቀት ልብን ያስመታል። አሜሪካዊው ሐኪም ጃኮብ ዳ ኮስታ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የተሰለፉ ወታደሮች በልብ ምት መፍጠንና በትንፋሽ ማጠር ይሠቃዩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1871 ጽፏል። ስለሆነም ከጭንቀት የመጣ እንኳ ቢሆን ሕመም እንጂ ማስመሰል አይደለም።

ሆኖም ሌላ ሥውር ምክንያት አለ። አየርላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835 ልባቸው በኃይል የሚመታ ሴቶችን ሲመረምር በአንገታቸው ላይ ያለው ዕጢ አብጦ አገኘው። ታይሮይድ የተባለው ይህ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ሰውነት ምግቡን እንደ ደረቅ ማገዶ ያነደዋል፤ በሽተኛው እየበላ ይከሳል፣ ሙቀት አይችልም፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ዓይኑ ይፈጣል። በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ዕጢው ከወሊድ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥም ሊታወክ ስለሚችል፣ የእናት መክሳት «የአራስነት ድካም ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ከጭንቀት የመጣ የልብ ምት አብዛኛውን ጊዜ በእንቅልፍ ይረጋጋል፤ ከዕጢው የመጣው ግን በእንቅልፍም ብዙ አይበርድም። ስለዚህ ማለዳ ከአልጋ ሳይነሡ የእጅ አንጓ ትርታ ለ60 ሴኮንድ ይቆጠር። ያረፈ አዋቂ ሰው ትርታ በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ነው፤ በሥልጠና የጠነከረ ወታደር ከ60 በታች ሊሆንም ይችላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳይፈልግ በዓመት ውስጥ 3.5 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሌሎች ምልክቶችም መንገድ ያሳያሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳልና የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳን፣ የማያቋርጥ ጥምና ሽንት መመላለስ የስኳር በሽታን፣ መገርጣትና ድካም የደም ማነስን ያጠራጥራሉ። የኤች አይ ቪ ምርመራም አይዘንጋ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ልብንም ያፈጥናል፤ ቡናም ሲበዛ ልብን ያስመታል። ስለዚህ ለሐኪሙ ሁሉም በግልጽ ይነገር።

የደረት ውጋት፣ ራስን መሳት ወይም በዕረፍት ላይ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ውድ እኅቶቻችን፣ የባላችሁ ሱሪ መስፋቱን ከአዛዡ አስቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። እናንተም ጓዶች፣ የሚስቶቻችሁን ጤና እንዲሁ ተመልከቱ። አብዛኞቹ እነዚህ በሽታዎች በደም፣ በአክታና በሽንት ምርመራ ይለያሉ፤ የታይሮይድ ሕመምም በክኒን፣ በጨረር አዮዲን ወይም በቀዶ ሕክምና ይታከማል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው። ለሐኪም ደረቱን የከፈተ ወታደር ግዳጁን አልሸሸም፤ ለግዳጁም ለልጆቹም ራሱን አቆየ።