«ቆይ፣ አልገባኝም» የማይባል አስተማሪ

ለገጠሩ ሕዝብ አዲስ የትምህርት መሣሪያ ተገኘ በተባለ ቁጥር ጭብጨባው ትልቅ ነው። ዛሬ ተራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለተባለው ደርሷል። ዲጂታል ግሪን የተባለው የልማት ድርጅት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በሕንድ ያስጀመረው «ፋርመር ቻት» አንዱ ነው፤ ስለ እርሻ የተጠየቀውን በስልክ ይመልሳል። በሚዛንና በቴፒ፣ በቡናው መካከል ተቀምጠን የምንማር ወገኖች ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ነገር ልንጠይቅ ይገባናል፤ ይኸውም መሣሪያው ሲናገር ገበሬው መልሶ መናገር ይችላል ወይ? የሚል ነው። (ይህን የምንለው በማባዣ በታተመ ወረቀት ላይ መሆኑ የሚያስቀው አንባቢ ቢኖር ይሳቅ፤ ወረቀታችን ቢያንስ ሻማ ካለ ማታም ይነበባል።)

ታላላቆቻችን «ፕላዝማ» የሚባለውን ትምህርት አይረሱትም። በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ይህ ትምህርት በእንግሊዝኛ በደቡብ አፍሪካ ተሰናድቶ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፍ ነበር። በቂ መምህራን በሌሉበት አገር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ መልሱ ቢመጣም ባይመጣም ይቀጥላል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ አያየውም። መብራት የጠፋበት ትምህርት ቤትም የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠው ማለት ነው። ተማሪዎቹን በስም የሚያውቀው መምህር ግን ከሥርጭቱ በተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች እንዲያስተምር ተተወ።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጡ። ሕፃናቱ ብልሆች ናቸውና ወዲያው ከፈቱት፤ የእንግሊዝኛውንም ፊደል በዜማ ይሉ ጀመር። የልጆቹን ብልህነት እኛም እናደንቃለን። የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ የሆነ ሕፃናት መጀመሪያ የሰው አገር ቋንቋ መዘመራቸው ግን ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ከዚህ ሁሉ 8028 ይሻላል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የከፈተው ይህ የስልክ መስመር ያለ ክፍያ ይደወልበታል፤ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ይናገራል፤ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ሲጀመር ግን የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር፤ ምክሩም በአመዛኙ ስለ እህል ነበር። ያን ጊዜ አንዲት የቤንች እናት ስለ ቡናዋ ልትጠይቅ ብትደውል የሚቀበላት ድምፅ «ቁጥር ይጫኑ» የሚላት በሌላ ሰው ቋንቋ ነው።

ቡና ደግሞ ቁጥር በመጫን ብቻ የሚማሩት ነገር አይደለም። ያረጀ ቡና ይጎንደል፣ ማለት ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጥና አዲስ ቀንበጥ ያውጣ የሚለውን ምክር እንመልከት። ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን የተጎነደለ ቡና እንደገና ደኅና ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ እስከዚያ የልጆቹ ልብስና ደብተር ከምን ይገዛል? በዚህም ላይ በቴፒና በበበቃ የታወቀው፣ ቡናን ከነግንዱ የሚያደርቀው በሽታ በቁስል በኩል ይገባል፤ ገጀራው ከታመመው ግንድ ወደ ጤነኛው ሲዘዋወር በሽታውንም ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ የትኛው ግንድ ይቆረጥ? ስለቱ በምን ይጽዳ? ማሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎንደል ወይስ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት? ይህን ሳይናገር «ጎንድል» ብሎ የሚያልፍ መሣሪያ የሰው ንብረት ሊያጠፋ ይችላል። ትምህርት የሚሆነው ገበሬው «ቆይ፣ አልገባኝም» ሲልና የሚሰማው ሲያገኝ ነው።

ዲጂታል ግሪን ቀድሞ የጀመረው የቪዲዮ ሥራ ይህን የተረዳ ነበር። ፊልሙ አጭር ነው፤ የሚታይበትም የአካባቢው ገበሬ ራሱ ነው። ባትሪ በሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ፕሮጀክተር ይታያል፤ የልማት ሠራተኛውም ሥዕሉን እያቆመ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በሀገራችን በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ አጥንተው ቪዲዮ የታከለበት ምክር ከተለመደው ይልቅ ገበሬውን እንደሚያስረዳና እንደሚያሠራ አሳይተዋል። ከፕሮጀክተሩ ይልቅ ያስተማረው ማቆሙ ይመስለናል።

«ቋንቋው ብዙ ነው፣ ወጪው አይቻልም» የሚሉ አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ያስተምር ነበር፤ ከፋ-ሞቻ አንዱ ነበር። የዚያን መንግሥት ግፍ ማንም አይረሳውም፤ ዘመቻው ግን በዩኔስኮ ዘንድ እስከ መሸለም ደርሷል። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ በ15 ቋንቋዎች ካስተማሩ ኮምፒዩተሩ ምን ከለከለው? እርግጥ ነው፣ ቤንችኛና ሸኮኛ ያን ጊዜም አልደረሳቸውም።

አዲሱ መሣሪያ የሚማረው ከተጻፈውና ከተቀዳው ነው። በአማርኛ ያለው ጥቂት ነው፤ በቤንችኛ፣ በሸካኛና በሸኮኛ ያለው ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለገበሬያችን የሌላ አገር ምክር በሌላ አገር አፍ ሊሰጠው ነው። ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችል ሩቅ አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው ዩኒቨርሲቲያችን ግብርናና ኮምፒዩተር የሚማሩ፣ ቤታቸው ሲገቡ ግን በእነዚህ ቋንቋዎች የሚያወሩ ጓደኞች አሉን። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ሙሉ ዓመት ወጥተው ሕዝብ ማገልገል ጀምረው ነበር። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፦ በመስክ ልምምድ ሳምንታት ገበሬው ፈቅዶ ስለ ቡናው የሚጠይቀው ጥያቄ በራሱ ቋንቋ ይቀዳ፤ የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችና የልማት ሠራተኞች ይመልሱ፤ መልሱም ወደ ገበሬው ተመልሶ ይሰማና እርሱ ያርመው።

ቅጂው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በማንኛውም ፕሮጀክት እጅ ብቻ እንዳይቀር የምንፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካው የርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ በየአገሩ ስንት ሥራ በመንገድ እንደ ቀረ አይተናል።

ኅብረቱ ይህን ጥያቄ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያቀርባል። መምህራን የመስክ ልምምዱ ሰዓት ይጠብባል የሚል ሥጋት ካላቸው በሚቀጥለው እትም ይጻፉልን፤ እናትማለን። ቤንችኛ፣ ከፍኛ፣ ሸካኛና ሸኮኛ የምትናገሩ ጓደኞች ግን መልሱን ሳትጠብቁ ስማችሁን በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የሸኮኛ ተናጋሪ እስካሁን አንድ ብቻ ነው ያገኘነው።