የጎዳና ውሻ «አይለምድም» ለሚሉ ወገኖች የቀረበ ምላሽ

በአብነትና በአካባቢው የመርካቶ ሰፈሮች ስለ ጎዳና ውሻ የሚሰማው አስተያየት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የጎዳና ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ምንጭ ነው፤ ቢያሳድጉት አይለምድም፤ ጠባቂ የፈለገ ሰው «የፈረንጅ ውሻ» ይግዛ፤ የቀረውን መርዝ ይጨርሰው ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ጨካኞች አይደሉም። ልጃቸው የተነከሰባቸው፣ ማምሻውን ከሥራ ሲመለሱ በውሻ መንጋ የተከበቡ ሰዎች ናቸው። ሥጋታቸው እውነተኛ ነው፤ ድምዳሜያቸው ግን በአራት ምክንያቶች አይጸናም።

አንደኛ፣ ባለቤት አልባነትና በሽተኛነት ተምታተዋል። ቫይረሱ በአብዛኛው የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ንክሻ ነው፤ የሚያግደውም ክትባት እንጂ የባለቤት መኖር አይደለም። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ፣ ተከትቦ የማያውቅ የቤት ውሻ ከጎዳናው ውሻ ጋር ያድራል፤ አደጋውንም ይጋራል። በአንጻሩ ከጎዳናም ሆነ ከመጠለያ የተወሰደ፣ ክትባቱ በወቅቱ የሚታደስለት ውሻ ከሥርጭቱ ሰንሰለት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ ሥርጭቱ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቡችላ አንሥቶ የሚያስከትብ ቤተሰብ ጎረቤቱንም ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ መርዝ ችግሩን ይፈታል የሚለው እምነት በተሞክሮ ተፈትኖ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሽታው ወደ ኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት ሲገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተገደሉ፤ ይህ ግን በሽታው ደሴቱን ከመልመድ አላገደውም። በሕንድ ጃይፑር ከተማ ግን እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2002 ድረስ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ የጎዳና ውሾች እንዲመክኑና እንዲከተቡ ተደረገ፤ የውሾቹ ቁጥር በ28 በመቶ ሲቀንስ፣ ሥራው በተካሄደበት ክልል በበሽታው የሚሞት ሰው ጠፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሥጋ ቤት ትራፊና የቆሻሻ ገንዳ ባሉበት ሰፈር የሞተውን ውሻ ቦታ ሌላ፣ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። መርዝ ደግሞ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም።

ሦስተኛ፣ «አይለምድም» የሚለው ፍርድ በተዛባ ንጽጽር ላይ ቆሟል። ተንከባክበው ያሳደጉትን የውጭ ዝርያ ቡችላ፣ በድንጋይ እየተባረረ ካረጀ ውሻ ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን ለዘር መስጠት ስሕተት ነው። የውሻ ጠባይ በእጅጉ የሚቀረጸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ከሰው ጋር የኖረ የሀበሻ ቡችላ እንደማንኛውም ቡችላ ይላመዳል። በሰው ፍርሃት ያደገ ትልቅ ውሻ ትዕግሥትና ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አልክድም፤ ይህ ግን የአስተዳደግ እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአገራችን ብሂልም የሚያጎርስ እጅን እንጂ የትውልድ ሐረግን አይጠቅስም። ትራፊ እየሰጠ ከውሻ ጋር የሚያድር የመርካቶ ሱቅ ዘበኛ ይህን ማስረጃ ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

አራተኛ፣ አንዳንዶች የሚያነሡት «ሃይማኖት አይፈቅድም» የሚለው መከራከሪያ ከንጽሕና ሥርዓት ተነሥቶ ወደ ጭካኔ ይዘላል። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባቱ፣ የነካው ዕቃም መታጠቡ የታወቀ ነው። ነገር ግን በመጽሐፈ ጦቢት መንገደኛውን ወጣት ውሻው ይከተለዋል፤ በቁርኣንም የዋሻው ባልደረቦች ከነውሻቸው ተወስተዋል። በእስልምናም ለጥበቃ፣ ለእረኝነትና ለአደን ውሻ ማሳደር ተፈቅዷል። ውሻን ከጸሎት ቦታ ማራቅ አንድ ነገር ነው፤ ማስራብና መመረዝ ሌላ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ያገኙትን ውሻ ሁሉ ጎትቶ ወደ ቤት ማስገባት ይገባል ማለቴ አይደለም። የሚያሳድግ ሰው በእንስሳት ሐኪም ያስመርምር፣ ያስከትብ፣ ያስመክን፣ ማታም ወደ መንገድ አይልቀቅ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነውና። እነዚህን ግዴታዎች የተቀበለ አሳዳጊ ታማኝ ጠባቂ ያገኛል፤ ለሰፈሩም አንድ ያልተከተበ ውሻ ይቀንስለታል። መርዝ ግን ከሁለቱ አንዱንም አያስገኝም።